የዳሳሿ ቀኝ እጅ

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ። ከበሩ አጠገብ የቆማችሁትም ግቡ፤ ድምፄ እንደ ድሮው ሩቅ አይደርስም። የበረደው ይደርብ፣ የሞቀው ያውልቅ። ወሬዬ ስለዚሁ ስለ ሰው ገላ ሙቀት ነውና መሐል ላይ ብትጠይቁኝም አልቆጣም።

ናድራ የምትባል መንግሥት ነበረች። በስተምሥራቋ የረመጥ ሜዳ ተዘርግቷል፤ ምድሩ ነጭ፣ ሰማዩ ነጭ፣ በመካከሉ የሚያልፈው መንገደኛ ብቻ ጥቁር ነጥብ። ከሜዳው ማዶ ደብረ አመዳይ ቆሟል፤ ጫፉን ደመና እንጂ ሰው አይቶት አያውቅም። በእሳትና በበረዶ አጠገብ የሚኖር ሕዝብ መካከለኛውን ነገር አጥብቆ ይወዳልና፣ የናድራ ሰዎች ከወርቅም ከዙፋንም አብልጠው የሚያከብሩት አንድ ድንጋይ ነበራቸው። የሰጎን እንቁላል ያህላል፣ መልኩ የማር ነው፣ ስሙ ልክ ይባላል። ክረምት ቢገባ አይቀዘቅዝም፣ በጋ ቢመጣ አይግልም። ዘወትር የጤነኛ ሰው ደረት ያህል ይሞቃል፤ ከዚያ አያልፍም፣ ከዚያም አይጎድልም።

ይህን ድንጋይ የሚያገለግል ቤት ነበር፤ የዳሳሾች ቤት ይሉታል። በዚያ ቤት የተወለደ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሞላው ቀኝ እጁን ከጠቦት ቆዳ በተሰፋ ጓንት ይሸፍኑለታል። በዚያ እጅ እሳት አይነካም፣ ማጭድ አይጨብጥም፣ ሸክም አያነሣም። በየማለዳው ጓንቱን አውልቆ መዳፉን ልክ ላይ ያኖራል፤ ቀጥሎ በአደባባይ የተሰለፉትን ሰዎች ግንባር ይዳስሳል። «አንተ ትንሽ ግለሃል። አንቺ ደኅና ነሽ። ይህ ሕፃን ቀዝቅዟል፣ ልብሱን አውልቀሽ ከደረትሽ ላይ ለጥፊውና ከላይ ሸፍኚው» እያለ ይፈርዳል። ሕጉም አንድ ነበር፦ የዳሳሽ ቃል የሚጸናው ልክ በአጠገቡ ሆኖ ሲመሰክር ብቻ ነው።

በአንድ የመከር ማለዳ፣ ፀሐይ ብቅ ስትል፣ በመዲናዋ በሰላሊት የቤተ መንግሥቱ ጣራ አመዳይ ለብሶ ተገኘ። አመዳይ በዚያች ከተማ ወርዶ አያውቅም። ዘበኞቹ ወደ ድንጋዩ አዳራሽ ሮጡ። የወርቁ መቆሚያ ባዶ ነው። ከመቆሚያው እስከ መስኮቱ የበረዶ ዱካ ተሰልፏል፤ የሴት እግር ግን እጅግ ትልቅ፣ ጣቶቹ የረዘሙ፣ እስከ ቀትር ድረስ ያልቀለጠ።

በዚያው ቀን ንግሥት ሐመልማል ታመሙ።

ሕመማቸው በመንቀጥቀጥ ጀመረ። አልጋው እስኪንኳኳ ይንቀጠቀጣሉ፣ ጥርሳቸው ይንቀጫቀጫል፣ «በረደኝ፣ ደርቡልኝ» ይላሉ። የናድራ ሰዎች ይህን በሽታ የብርድ በሽታ ይሉታል፤ ስሙን ያወጡለት አጀማመሩን አይተው ነው። ሦስት ሦስት ቀን እየቆየ ይመለሳል። መድኃኒቱም እንደ ስሙ ነበር፦ ሰባት ካባ መደረብ፣ በአራቱም ማዕዘን እሳት ማንደድ፣ በርና መስኮት መዝጋት።

ማርዳ ያን ጊዜ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ባለፈው ዓመት ዐርፈው በዳሳሾች ቤት የቀረችው እሷ ብቻ ነች። ወደ አልጋው ቀርባ፣ ጓንቷን አውልቃ፣ መዳፏን በንግሥቲቱ ግንባር ላይ አኖረች። ወዲያው እጇን ሰበሰበች።

«ንግሥታችን አልበረዳቸውም» አለች። «እየነደዱ ነው። ካባውን አንሡላቸው።»

የሐኪሞቹ አለቃ ሊቀ ጠቢባን ጸዳሉ በሐዘን ተመለከቷት። ክፉ ሰው አልነበሩም ልጆቼ፤ ንግሥቲቱን ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያስታመሙ፣ እንደ ልጃቸው የሚወዷቸው ሽማግሌ ናቸው።

«ልጄ፣ ጥርሳቸው ሲንቀጫቀጭ አትሰሚም?»

«እሰማለሁ አባቴ። አፋቸው በረደኝ ይላል፤ ግንባራቸው ሌላ ይላል። እኔ ያደግሁት ግንባር ለመስማት ነው።»

«እኔ ደግሞ ያደግሁት ሕግ ለመስማት ነው። ልክ የት አለ? ይምጣና ይመስክርልሽ።»

ማርዳ ሰባተኛው ካባ ሲደረብ ቆማ አየች፤ እሳቱ ሲቆሰቆስም አየች። በልቧ አሰበች፦ የዛሬውን ይችሉታል። በአራተኛው ቀን የሚመጣውን፣ በሰባተኛው ቀን የሚመለሰውንም በብርታታቸው ይችሉት ይሆናል። በአሥረኛው ቀን ግን እንዲህ ታፍነው እሳቱ ከመጣባቸው፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ናድራ ያለ ንግሥት ትቀራለች።

ወደ አደባባይ ወጥታ በመኳንንቱ ፊት ቆመች።

«የናድራ ታላላቆች ስሙኝ። ሌባዋ በረዶ እየረገጠች ሄዳለች፤ በረዶ ያለው በደብረ አመዳይ ነው። እኔ የዳሳሾች ልጅ ማርዳ ወደዚያ እሄዳለሁ። በአሥረኛው ቀን ልክን ይዤ ከዚህ ደጃፍ ካልቆምሁ፣ የአባቶቼ ቤት በር ለዘላለም ይዘጋ።»

ከዘበኞቹ ሰልፍ አንድ ወጣት ወደ ፊት ወጣ። ሻለቃ ጎንጤ ይባላል፤ ድንጋዩ በተሰረቀበት ሰዓት ዘብ ላይ የነበሩት የእሱ ሰዎች ናቸው። በትከሻው የአንበሳ ለምድ ደርቧል። በናድራ ጀግና ሲምል በለምዱ ነው፤ ምሎ ሳይፈጽም ለምዱን ያወለቀ ስሙ ከጀግኖች መዝገብ ይፋቃል፣ ልጆቹም የእገሌ ልጆች ነን ማለት ያፍራሉ።

«ልክን ሳልመልስ ይህ ለምድ ከጫንቃዬ ቢወርድ» አለ፣ «ስሜ ይፋቅ፣ ጋሻዬም ለውሻ መመገቢያ ይሁን።»

ሕዝቡ እልል አለ። ማርዳ ግን ሰማዩን ቀና ብላ አየች።

ሜዳውን የምታሻግራቸው እትዬ ደብሪቱ የምትባል ጨው ነጋዴ ነበረች። ስድሳ ዓመት አልፏታል፣ ቆዳዋ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል፣ ሸጋው የሚባል አንድ ግመል አላት። ሦስት ትልልቅ ስልቻ ውሃ ጭና ስትጨርስ ጎንጤን ከእግር እስከ ራሱ አየችው።

«ጌታው፣ ይህ ለምድ የምን ነው?»

«የአንበሳ።»

«አንበሳውን የገደልከው የት ነው?»

«በወንዝ ዳር፣ ዛፍ ሥር ተኝቶ።»

«አየህ፣ እሱ እንኳ በቀትር ይተኛል። የእሱን ቆዳ ለብሰህ በቀትር ልትሄድ ነው?»

ሸጋው እንኳ የሳቀ መሰለ። ጎንጤ ፊቱን አጠቆረና መንገድ ጀመረ።

የመጀመሪያውን ቀን በጠዋትና ወደ ማታ ተጓዙ፤ ቀትር ላይ በግመሉ ጥላ ዐረፉ። በሁለተኛው ቀን ግን ጎንጤ ማረፍ እንቢ አለ። «ንግሥት እየሞቱ እኛ እንተኛለን?» አለ፤ ማርዳም ስለ ንግሥቲቱ ልቧ ተሰብሮ ነበርና እሺ አለችው። ይህ የእሷ ስህተት ነው፤ ኋላ ራሷ አምናለች።

ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ምድሩ መተንፈስ ጀመረ። ጎንጤ በመጀመሪያ ራሱን አመመው። ቀጥሎ አስመለሰው። ከዚያ ዝም አለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ከግመሉ ፊት ቀጥ ብሎ ቆመና እጅ ነሣ።

«ደጃዝማች፣ ጦሩ ተሰልፏል» አለው ለሸጋው።

እትዬ ደብሪቱ ሳቀች። «ሹመቱ ይገባዋል፤ ከብዙ ደጃዝማች እሱ ይሻላል።»

ማርዳ አልሳቀችም። የጎንጤን ፊት አየች፤ ጠዋት ሙሉ ሲንቆረቆር የነበረው ላብ የለም። ግንባሩ ደረቅ ነው። ጓንቷን አውልቃ አንገቱን ነካችው።

በዚያው ቅጽበት ከሰማይ ድምፅ ተሰማ። ፉ… ፉ… ፉ። ወናፍ ወፎች መጡ። የረመጥ ሜዳ ወፎች ናቸው፤ ክንፋቸው አንጥረኛ እሳቱን እንደሚያራግብበት ወናፍ ይነፋል ይሸበሸባል፣ በተንፈሱ ቁጥር የእቶን ነፋስ ይለቃሉ። ላቡ የደረቀ ሰው ከሩቅ ይሸታቸዋል። እርጥብ ገላ አይደፍሩም፤ ደረቁን ግን ከብበው እያራገቡ አእምሮውን ያቃጥሉታል።

«እትዬ፣ ሸጋውን ያስተኙልኝ፣ ጥላ ይሁነን» አለች ማርዳ። ከወገቧ ቢላዋ መዘዘች።

ጎንጤ ቢላዋውን አይቶ አንድ አፍታ ወደ ልቡ ተመለሰ። «ለምዴን እንዳትነኪ። ምያለሁ።»

«ሰምቻለሁ።»

«ስሜ ይፋቃል።»

«ይፋቅ። አንተ ትረፍ» አለችና ማሰሪያውን በጠሰችው። ያ ያማረ የአንበሳ ለምድ አፈር ላይ ወደቀ። የብረት ልብሱን ጥሩሩንም ፈታች፣ እጀ ጠባቡንም ቀደደች፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ስልቻ አፍ ከፍታ ከራሱ ጀምሮ በአንገቱ፣ በብብቱ፣ በጉያው አፈሰሰችው።

«ኧረ ልጄ፣ ይህ የአራት ቀን ውሃ ነው» አለች እትዬ ደብሪቱ።

«እሱ ግን የአንድ ሰዓት ሰው ነው፤ ከዚያ በላይ አልቀረውም። ያራግቡለት።»

አሮጊቷ የወደቀውን ለምድ አንሥታ በሁለት እጇ ታራግብለት ጀመር። ሁለተኛውንም ስልቻ አፈሰሱ። ወናፍ ወፎቹ ዝቅ ብለው መጡ፤ ትንፋሻቸው የማርዳን ሽፋሽፍት ለበለበው። የጎንጤ ገላ ግን እርጥብ ነበር። አንዷ ወፍ በምንቃሯ ነክታው እንደ ተቃጠለች ሁሉ ጮኻ ዞረች። ሌሎቹም ተከተሏት።

ማርዳ እጇን ከአንገቱ አላነሣችም። እሳቱ ቀስ፣ ቀስ እያለ ወረደ። ጎንጤ ዓይኑን ገለጠና ዙሪያውን አየ፤ ለምዱን በአሮጊቷ እጅ ሲያየው አለቀሰ። ከዚያ በኋላ ነው ጉንጭ ጉንጭ እያደረጉ ውሃ ያጠጡት።

«ለዚህ ነበር አንበሳ የገደልኩት?» አለ።

«ለማራገቢያ ግን ደኅና ሆኗል» አለችው እትዬ ደብሪቱ።

በሸጋው ላይ አሥረው ጫኑት፤ ከዚያም ወዲህ በቀትር አንድ እርምጃ አልሄዱም። የቀረችውን ስልቻ እየቆጠቡ በአራተኛው ቀን ደብረ አመዳይ ግርጌ ደረሱ። ሰላሊት ላይ በዚያው ቀን ንግሥቲቱ እንደገና ይንቀጠቀጡ ነበር፤ ማርዳ ያንን እያሰበች ዳቦ እንኳ ሳትቀምስ ልትወጣ ስትል አሮጊቷ ያዘቻት።

«ብሉ፣ ጎንጤም ይረፍ። ነገ በጠዋት ትወጣላችሁ። ግመል በረዶ አይወጣምና እኔ እዚህ እጠብቃለሁ።»

በማግስቱ ከጭነቷ ውስጥ ሦስት የበግ ለምድ ደበሎ፣ ደረቅ ልብስ፣ የማር ቅል፣ ትንሽ ጀበናና ችቦ አወጣችላቸው። ጎንጤ በስውር የያዘውን የአረቄ ቅል ከጉያው መዝዛ መሬት ላይ ደፋችው።

«ለብርዱ ነው የያዝኩት» አለ።

«ሞቀህ ብሎ ይሸነግልሃል፣ ያለህንም ሙቀት አውጥቶ ይበትንብሃል። ባሌም ይዞ ወጥቶ ነበር።» ባዶውን ቅል ጣለችና ቀጠለች፦ «ሃያ ዓመት ሆነው። ተቀምጦ አገኘነው፤ ራቁቱን። ልብሱን አጣጥፎ ጎኑ አስቀምጦታል። ፈገግ ብሏል። አገሩ ሁሉ አብዶ ነው የሞተው አለ፤ ልጆቼንም የእብድ ልጆች አሏቸው።»

ማርዳ እጇን በአሮጊቷ ትከሻ ላይ አኖረች። «አላበዱም እትዬ። ብርድ መጨረሻ ላይ ሲደርስ እንዲህ ያደርጋል። መንቀጥቀጡ ይተዋል፣ ሐሳብ ይጠፋል፣ ገላ ሞቀኝ ብሎ ይዋሻል። አባቴ ነግሮኛል። ባልዎ የሞቱት ልባቸው ጤነኛ ሆኖ ነው።»

እትዬ ደብሪቱ ፊቷን ወደ ግመሉ አዞረችና ጭነቱን ታስተካክል ጀመር፤ ጭነት ግን አልነበረውም።

ወጡ። በመንገዳቸው ግራና ቀኝ ከእነሱ በፊት ተራራውን ለመውጣት የሞከሩት ጀግኖች ተቀምጠው አዩ፤ በበረዶ የደረቁ፣ ልብሳቸው በጎናቸው የወደቀ፣ ፈገግ ያሉ። ጎንጤ ሃያ ሦስት ቆጠረ።

እኩለ ቀን ላይ ማርዳ የረገጠችው በረዶ ከሥሯ ተሰብሮ እስከ ደረቷ ውሃ ውስጥ ገባች። ጎንጤ ጎትቶ አወጣት። «እንቀጥል፣ ደኅና ነኝ» አለች፤ ጥርሷ እየተንቀጫቀጨ። ጥቂት ሄዱ። ቃላቷ እርስ በርስ ይደነቃቀፉ ጀመር። እግሯ እንደ ሰከረ ሰው ተሳሰረ። ከዚያ መንቀጥቀጧን አቆመች፤ ቆመችም፤ የደበሎዋን ማሰሪያ በደነዘዙ ጣቶቿ ትታገል ጀመር።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አለ ጎንጤ።

«ሞቀኝ።» ፈገግ አለች። «እንዴት ደስ ይላል። አንተም አውልቅ።»

ጎንጤ በዙሪያው ያሉትን ፈገግታዎች አየ። በሜዳው ላይ አንድ ነገር ተምሯልና አልተከራከራትም። እንደ እንቁላል ተጠንቅቆ አቀፋትና ነፋስ ወደማይገባበት ዋሻ ወሰዳት። እርጥቡን ልብስ አወለቀላትና ደረቁን አለበሳት፣ ከታች ትርፉን ደበሎ አነጠፈ፣ ደረቷን ከደረቱ አስጠግቶ የራሱን ደበሎ በሁለቱም ላይ ጠቀለለ። እጇንና እግሯን ለማሸት አልቸኮለም፤ መሐሉ ሳይሞቅ ዳሩን አትንካ ብላ ጠዋት የነገረችው እሷው ናት። እንዲያ ተቀምጦ ጠበቀ። ከብዙ ጊዜ በኋላ ጥርሷ እንደገና ተንቀጫቀጨ።

«እሰይ» አለ ጎንጤ። በትንሽ እሳት ያሞቀውን የማር ውሃ መዋጥ መቻሏን አይቶ ጥቂት ጥቂት አጠጣት።

«ዳሳሽ ሆኜ የራሴን አላወቅሁም» አለች ልቧ ሲመለስ።

«አንቺ ለምዴን ስትበጥሺ እኔ አልነከስኩሽም። እኔ ግን ላለብስሽ ስል ሦስት ጊዜ ነክሰሽኛል። ይኸው ክንዴ።»

በዋሻው ተጠቅልለው ዋሉ፣ አደሩም፤ በስድስተኛው ቀን ማለዳ ከጫፉ ደረሱ።

በዚያ የበረዶ አዳራሽ ነበር፤ ምሰሶው ሰማያዊ፣ ወለሉ እንደ መስተዋት። በመካከሉ ውርጪት የተራራው እመቤት ተቀምጣለች። ቁመቷ የሦስት ሰው፣ ፀጉሯ ነጭ ፏፏቴ፣ ዓይኗ ወለል ብሎ የተከፈተ ሰማይ። በእቅፏ አንድ ትልቅ የበረዶ ድንጋይ ይዛለች፤ በውስጡ የተሰረቀው ድንጋይ እንደ ማር ጠብታ ይታያል።

ጎንጤ ጎራዴውን መዘዘ። ውርጪት አየችው ብቻ፤ ጎራዴው እንደ ደረቅ ቅጠል ተሰባብሮ ወደቀ።

«ሃያ ሦስት ጎራዴ አለኝ» አለች። «ሃያ አራተኛ ምን ያደርግልኛል?»

«ለምን ወሰድሽው?» ብላ ማርዳ ጠየቀች።

እመቤቲቱ በረዶውን ወደ ደረቷ አስጠጋች። «ሺህ ዓመት እዚህ ተቀምጬ ማንም ነክቶኝ አያውቅም። ሰዎች ከታች ሆነው ሙቀት፣ ሙቀት ሲሉ እሰማለሁ። ምን እንደሆነ ልወቅ ብዬ አቀፍሁት። ባቀፍሁት ቁጥር ግን በረዶዬ እየሸፈነው፣ ይኸው፣ በእጄ ይዤው አላውቀውም።»

ጎንጤ ችቦ ለኮሰና ወደ በረዶው አስጠጋ። ከውስጥ ልክ ጮኸ፤ እንደ ሕፃን። ቀጭን ስንጥቅ በጎኑ ወረደ።

«አርቀው» አለች ማርዳ። «በእሳት ሊሞቅ አይችልም፤ ይሞታል። በሰው ገላ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚመለሰው።» ጓንቷን አወለቀች። «እመቤቴ፣ እጄን በእጅሽና በድንጋዩ መካከል አኑሪው። በረዶው እስኪቀልጥ አላነሣውም። ያን ጊዜ አንቺም ሙቀትን ታውቂያለሽ፤ እኔም ድንጋዬን እወስዳለሁ።»

«እጅሽ ይሞታል።»

«አውቃለሁ።»

ጎንጤ በመካከላቸው ገባ። «የእኔን ይውሰድ። ጎራዴ እንኳ የለኝም፤ እጅ ምን ያደርግልኛል?»

«የአንተ እጅ ልኩን አያውቅም ወንድሜ» አለችው። «ድንጋዩ ልኩ ላይ ሳይደርስ ከተነሣ ይሰነጠቃል። የሚያውቀው ይህ እጅ ብቻ ነው። ይልቅ ሌላውን ገላዬን አሙቅልኝ።»

ጎንጤ በደበሎው ጠቅልሎ ከኋላዋ ያዛት። ማርዳም ቀኝ እጇን በእመቤቲቱ መዳፍ ላይ አኖረች።

ሥቃዩን አልነግራችሁም ልጆቼ። በመጀመሪያ እንደ እሳት አቃጠላት፤ ቀጥሎ እንደ መርፌ ወጋት፤ ከዚያ ጣቶቿ አንድ በአንድ ዝም አሉ። ትንሿ ጣቷ፣ የቀለበት ጣቷ፣ መሐል ጣቷ። ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘነበለች። በመዳፏ መካከል አንዲት ሳንቲም የምታህል ቦታ ብቻ ትሰማ ነበር፤ ማርዳ ነፍሷን ሁሉ ወደዚያች ቦታ ሰብስባ ጠበቀች። በረዶው ሟሟ። ድንጋዩ መዳፏን ነካ። ቀዝቃዛ ነው፣ ገና ነው፣ ገና… አሁን። የጤነኛ ሰው ደረት። ያቺ እጅ በዚህ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የሰማችው እሱን ነው።

«ደርሷል» አለች።

ውርጪት መዳፏን እያየች ቀረች። ከዓይኗ አንድ ጠብታ ወረደ፣ ሌላም ተከተለ። «ይህ ነው?» አለች በቀስታ። «በዚህ ሁሉ ብርድ ውስጥ እንዲህ ያለውን ነገር ይዛችሁ ነው የምትዞሩት? ሂዱ። መንገዴ ይከፈትላችሁ።» እንባዋ በአዳራሹ ወለል ተንኳልሎ፣ በገደሉ ወርዶ፣ ጅረት ሆነ።

ሲወርዱ ጎንጤ እጇን በእሳት ላሙቅልሽ አለ፤ ከለከለችው፤ የማይሰማ ገላ እሳት ሲበላው አያውቅም። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከደረቷ አሠሩት። እትዬ ደብሪቱ ጨርቁን አየችና ሸጋውን አስተኝታ ማርዳን በገዛ እጇ አስቀመጠቻት።

የውርጪት እንባም የረመጥን ሜዳ ለሁለት ከፍሎ ይፈስ ነበር። በዳሩ እየጠጡ፣ ራሳቸውን እያረጠቡ ተጓዙ፤ ወናፍ ወፎች ከሩቅ አይተው ተመለሱ። በአሥረኛው ቀን ፀሐይ አናት ላይ ሳትደርስ የሰላሊት መለከት ተነፋ።

የንግሥቲቱ እልፍኝ እቶን ሆኖ ነበር። ከሰባቱ ካባ ሥር ፊታቸው ብቻ ይታያል፤ መናገር ትተዋል። ሊቀ ጠቢባን ጸዳሉ እንኳ በላብ ተጠምቀው በአልጋው ራስጌ ይጸልያሉ።

ማርዳ ልክን በግራ እጇ አቅፋ ገባች። መኳንንቱ ወደቁና ሰገዱ። ከመካከላቸው ሕግ አዋቂው ግን የታሰረውን ቀኝ እጇን አዩ።

«ዳሳሽ የሚፈርደው በቀኙ ነው» አሉ። «ቀኝሽ ከሞተ ቃልሽ በሕጉ ቦታ የለውም።»

ጎንጤ ጥርሱን አፋጨ። ማርዳ ግን አልተቆጣችም፤ ወደ ሽማግሌው ሐኪም ሄደች።

«እንግዲያው እኔ አልናገርም። አባቴ፣ እርስዎ ይዳስሱ። አንድ እጅዎን እዚህ፣ አንዱን እዚያ።»

ከዳሳሾች በቀር ያን ድንጋይ የነካ ሰው በናድራ አልነበረም። ጸዳሉ ሕግ አዋቂውን አዩ፣ ንግሥቲቱን አዩ፣ ከዚያ ግራ መዳፋቸውን በልክ ላይ፣ ቀኙን በንግሥቲቱ ግንባር ላይ አኖሩ። ቆሙ።

«በፍቅሬ ነው ያቃጠልኋት» አሉ።

የመጀመሪያውን ካባ የጣሉት እሳቸው ራሳቸው ናቸው። ሰባቱም ወለል ላይ ተከመሩ። እሳቱ ጠፋ፣ መስኮቶቹ ተከፈቱ። ለብ ባለ ውሃ የተነከረ ጨርቅ በግንባራቸው፣ በአንገታቸው፣ በብብታቸው አኖሩ፤ ደንገጡሮች አራገቡ። ንግሥቲቱ መዋጥ ሲችሉ ውሃ በጉንጭ በጉንጭ ተሰጣቸው፣ በሽታውን ከሥሩ የሚነቅለው መራራው የዛፍ ልጥም ተጨመረ። ጸዳሉ እየደጋገሙ አንድ ጊዜ ድንጋዩን፣ አንድ ጊዜ ግንባሩን ይነካሉ። ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ሁለቱ እጆቻቸው አንድ ዓይነት ነገር ነገሯቸው፤ ሽማግሌው ተቀምጠው እንደ ሕፃን አለቀሱ።

ንግሥት ሐመልማል ዓይናቸውን ገለጡ። «መስኮቱን ማን ከፈተው? ደስ ይላል» አሉ።

ያን ቀን በሰላሊት የተነፋውን እምቢልታ፣ የተመታውን ነጋሪት ብትሰሙ ኖሮ። ጎንጤ ያለ ለምድ፣ በአንድ እጀ ጠባብ፣ በሠራዊቱ ፊት አለፈ፤ መዝገብ ጸሐፊው ስሙን ሊፍቅ ብዕር ሲያነሣ ንግሥቲቱ እጁን ያዙት። «ለምዱን አውልቆ የዳነ፣ ሌላዋንም አልብሶ ያዳነ ብለህ ጻፍ» አሉት። እትዬ ደብሪቱም በአደባባይ ቆማ ባሏ እንዴት እንደሞተ ተናገረች፤ ሕዝቡ ባርኔጣውን አውልቆ ሰማት፤ ልጆቿን የእብድ ልጆች ያለ ከዚያ ወዲያ የለም።

«አንቺስ ምን ትሺያለሽ?» አሉ ንግሥቲቱ ማርዳን። «ርስት ቢሆን ርስት፣ ወርቅ ቢሆን ወርቅ።»

«ግርማዊት ሆይ፣ ልክ ከወርቁ መቆሚያ ይውረድልኝ» አለች። «በገበያው መካከል፣ በተራ ድንጋይ ላይ ይቀመጥ። እናትም፣ ነጋዴም፣ እረኛም እጁን ያኑርበት። አንድ ቤት ብቻ የሚያውቀው ነገር፣ ያ ቤት እጁ ሲሞት አብሮ ሊሞት አይገባም።»

እንዲሁ ተደረገ። መጀመሪያ የነካችው አንዲት ድንች ሻጭ ነበረች፤ በአንድ እጇ ድንጋዩን፣ በሌላው ያዘለችውን ልጇን ዳሰሰችና «ደኅና ነው» ብላ ሳቀች። ከኋላዋ የተሰለፈው ሰው ጫፉ አይታይም ነበር። ማርዳ በአጠገቡ ቆማ በግራ እጇ የሰዉን መዳፍ እየያዘች አስተማረች፤ አርጅታ እስክታልፍ ድረስ።

እንግዲህ ልጆቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ሰው በረደኝ ቢላችሁም፣ ሞቀኝ ቢላችሁም፣ ቃሉን ብቻ ሰምታችሁ አትለፉት፤ እጃችሁን ወደ ግንባሩ ስደዱ፣ የባሰበት መስሎ ከታያችሁም ወደሚያውቅ ሰው አድርሱት። ሌላውን ሁሉ ብትረሱ አላዝንም። ይህቺን ብቻ አስታውሱልኝ።